ሚጥሚጣ ድመትን ከካውንተር አያወርድም፦ ለአንድ ምክር የተሰጠ ምላሽ

«ድመትን ከወጥ ቤትና ከሶፋ በሦስት ቀን ማስለቀቅ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ድመት በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ላላነበቡት ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ድመት ካውንተር ላይ የምትወጣው ቤተሰቡን ስለምትንቅ ነው፤ ስለዚህ ውሃ ይረጭባት፣ በተጠቀለለ ጋዜጣ ትመታ። ጠርዙ ላይ ሚጥሚጣ ይነስነስ፣ ወይም ዴቶል፣ የሎሚ ዘይት አለዚያም ናፍታሊን ይደረግ። ካውንተሩ በፎይል ይሸፈን። አይጥ እንድትይዝ ቀለቧ ይቀነስ። ሶፋው ፕላስቲክ ይልበስ፤ አልሆን ካለም ጥፍሯ ይነቀል። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ድመቷ ከቤት ትውጣ።

ከዚህ ሁሉ ግማሽ እውነት ያለው ፎይሉ ብቻ ነው። የቀረው ወይ አይሠራም፣ ወይ ድመቷን ይጎዳል፤ ቀለብ መቀነሱማ ጭራሽ ካውንተሩ ላይ የሚያወጣት ነው።

ከንቀቱ እንነሳ። ጸሐፊው «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት ጠቅሰው ድመት ትምህርት እንደማይገባት ይነግሩንና በሚቀጥለው አንቀጽ ቅጣት ያዝዛሉ። የማትማር ከሆነች ቅጣቱ ምን ሊያስተምራት ነው? ድመት ትማራለች፣ ያውም ፈጥና። የምትማረው ግን እኛ ያሰብንላትን ሳይሆን የጠቀማትን ነው። ካውንተሩ ላይ ወጥታ አንድ ቀን የሥጋ ቁራጭ ካገኘች ካውንተሩ ሥጋ የሚገኝበት ቦታ ሆነ ማለት ነው። ንቀትም አክብሮትም እዚህ ውስጥ የለበትም።

ደግሞም ሁሉም ድመት ለምግብ ብላ አትወጣም። ከፍ ያለ ቦታ ለድመት ደኅንነት ነው፤ ውሻ፣ ሕፃን ልጅ ወይም ሌላ ድመት ባለበት ቤት መሬት ላይ መዋል ያስጨንቃታል። ጤነኛ ጎልማሳ ድመት ከቆመችበት ሜትር ተኩል ያህል ስለምትዘል፣ ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ካውንተር ምንም አይከብዳትም። ሙቀት የሚስባትም አለች፤ እንጀራ ተጋግሮ ገና የተነቀለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለብዙ ድመት የተመኘችው መኝታ ነው። ከቧንቧ የሚንጠባጠብ ውሃ ፍለጋ የምትወጣ አለች፤ ወፍ የሚታይበት መስኮት የሚያወጣትም እንዲሁ።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከወጣች በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ 10 ሴኮንዶች ማየት ይበቃል። መክተፊያውንና የዕቃ ማጠቢያውን ጎድጓዳ ካሸተተች ምግብ ነው። ቧንቧው ሥር ከቆመች ውሃ ነው። ጥግ ይዛ እግሯን አጥፋ ቤቱን ከቃኘች ከፍታ ነው። ምጣዱ አጠገብ ከተጋደመች ሙቀት ነው። መድኃኒቱም እንደዚያው ይለያያል። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ይጠገን፤ ሰፋ ባለ ሳህን ንጹሕ ውሃ ከምግቧም ከምትጸዳዳበትም ርቆ ይቀመጥላት። የሙቀቷን ጉዳይ አሮጌ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ካርቶን ፀሐይ በሚገባበት ቦታ ይፈታዋል። ምጣዱን በተመለከተ ግን ቸል አይባል፤ ከተነቀለ በኋላም ለረጅም ጊዜ የመዳፍ ሥጋ የሚያቃጥል ሙቀት ይዞ ይቆያል። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አክንባሎው እንደተከደነ ይቆይ፣ በሩም ይዘጋ።

አሁን ወደ ውሃ መርጫውና ወደ ጋዜጣው። ቅጣት እንስሳን የሚያስተምረው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ከድርጊቱ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ውስጥ መድረስ አለበት፤ ድርጊቱ በተፈጸመ ቁጥር መድረስ አለበት፤ እንስሳው ከድርጊቱ በቀር ከሌላ ነገር ጋር ማያያዝ የለበትም። መርጫው አንዱንም አያሟላም። ጠርሙሱ እስኪነሳ 5 ሴኮንድ ያልፋል። ቤተሰቡ ሲተኛ ወይም ሥራ ሲሄድ ቅጣቱ የለም። ድመቷም ውሃውን የምታያይዘው ከካውንተሩ ጋር ሳይሆን ጠርሙሱን ከያዘው ሰው ጋር ነው። ውጤቱ በብዙ ቤት የታወቀ ነው፦ ሰው ሲገባ ዘላ ትወርዳለች፣ ሰው ሲወጣ ትመለሳለች። ጸሐፊው ይህን «ተንኮል» ይሉታል፤ ድመቷ ግን በትክክል የተማረችውን ነው የምታደርገው። ምቱ ከዚህም ይብሳል። የተመታች ድመት አልጋ ሥር መደበቅ፣ እጅ ሲቀርባት መቧጨር፣ አንዳንዴም ከቦታዋ ውጭ መሽናት ትጀምራለች፤ ያኔ በአንድ ችግር ፈንታ ሦስት አለዎት።

ሚጥሚጣው፣ ዴቶሉ፣ የሎሚ ዘይቱና ናፍታሊኑ ላይ ጠንከር ብለን መናገር አለብን፤ እነዚህ ድመት ሊገድሉ የሚችሉ ምክሮች ናቸውና። የድመት ጉበት ብዙ ኬሚካሎችን አስሮ ለማስወገድ የሚረዳው የኢንዛይም ሥራ በጣም ደካማ ነው። ሰውና ውሻ በቀላሉ የሚያስወጡት ነገር በእሷ ደም ውስጥ ይቆያል። ዴቶል ውስጥ ያለው ክሎሮክሲሌኖል እንደ ፌኖል ያለ ንጥረ ነገር ነው፤ ድመቷ ረግጣው መዳፏን ስትልስ ይገባታል። ምላስና ጉሮሮ ያቆስላል፣ ለሃጭ ያዝረበርባል፣ መጠኑ ከበዛ ጉበት ይጎዳል። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ዘይትም ውስጡ ባለው ሊሞኒን ምክንያት እንዲሁ ነው፤ «ተፈጥሯዊ ነው» መባሉ ለድመት ጉበት ምንም አይለውጥም። ናፍታሊን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፣ ትነቱም ከታሸገ ቁም ሣጥን ውጭ ለሰውም ቢሆን ደግ አይደለም። ምግብ በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ናፍታሊን አኑሩ የሚል ምክር እንዴት እንደታሰበ ለመረዳት ተቸግረናል።

ሚጥሚጣው መርዝ አይደለም፤ ሥቃይ ነው። ድመት ዱቄቱን አሽታ ትሸሻለች ብለው ያሰቡ ይመስላል። እሷ ግን አስቀድማ ነው የምትዘለው፤ መዳፏ ሚጥሚጣውን ይይዛል፣ ፊቷን በዚያው መዳፍ ታብሳለች፣ ዓይኗ ይቃጠላል። ይህ የሚሆነው ከካውንተሩ ከወረደች ከደቂቃዎች በኋላ፣ ምናልባትም አልጋዋ ላይ ስለሆነ ከካውንተሩ ጋር አታያይዘውም። እንዲህ የደረሰባት ድመት ካለች ዓይኗን ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ መዳፏን በዘይት ጠርጎ በሳሙና ማጠብ (ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ነገር በውሃ ብቻ አይለቅም)፣ ዓይኗን ጨፍና ከቀረች ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

«የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም፣ ስለዚህ ቀለቧን ቀንሱ» የሚለው ብዙ ሰው ከአያቱ የሰማው ስለሆነ ተቃውሞ የሚያስነሳብን እናውቃለን። ይሁን እንጂ በድመት ውስጥ ማደንና መራብ አንድ አይደሉም። የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነገር ሲያዩ ማድባትና መያዝ በጥጋብም ጊዜ ይነሳባቸዋል፤ የጠገበች ድመት የያዘችውን ሳትበላ ጥላው ስትሄድ የምናየው ለዚህ ነው። የተራበች ድመት ደግሞ መጀመሪያ የምትሄደው ቀላሉ ወዳለበት ነው፤ ቀላሉ ደግሞ ካውንተር ላይ ያለው ድስት ነው።

በጾም ወቅት ይህ ጎልቶ ይታያል። በሁዳዴ 55 ቀን ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፣ ድመቷም እንጀራ በሽሮ ይቀርብላታል። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ ስለማያመርት ከሥጋ ማግኘት ግዴታዋ ነው። ለረጅም ጊዜ ካጣችው የዓይኗ ብርሃንና ልቧ ይጎዳሉ። ሽሮውና ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ሌላ ጣጣ ነው። በክብደቷ በኪሎ 5 ግራም ያህል ሽንኩርት ደሟን መጉዳት ይጀምራል፤ 4 ኪሎ ለምትመዝን ድመት 20 ግራም ማለት ነው፣ መካከለኛ ሽንኩርት ሩብ እንኳ አይሞላም። ማብሰል አያረክሰውም፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብሳል። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፤ ሁለት ወር ሥጋ ያላየች ድመት ካውንተር ላይ የተዘረጋ ቅርጫ ታያለች። እንግዲህ ምን ይጠበቅባት ነበር?

የሚሠራው ተቃራኒው ነው። 4 ኪሎ የምትመዝን፣ ቤት ውስጥ የምትውል ጎልማሳ ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ኪሎ ካሎሪ ይበቃታል፤ የታሸገ ደረቅ የድመት ምግብ ከሆነ ከ55 እስከ 65 ግራም ገደማ። ይህ በአንድ ጊዜ አይሰጥ፣ ለአራት ይከፈል። አንዱ ድርሻ ወጥ ሊሠራ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ይሁን፤ ሽንኩርት ሲቁላላ ሳይሆን ሥጋ ሲከተፍ ሆዷ መሙላት አለበት። የታሸገ ምግብ ለማይገዛ ቤት ከሥጋ ቤት የሚገኝ ሳንባ፣ ዶሮና እንቁላል ተቀቅለው፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ይሰጣሉ። ታውሪን በመቀቀያው ውሃ ውስጥ ስለሚወጣ ቀዝቅዞ መረቁም ይሰጣት። ይህ ከእንጀራ በሽሮ እጅግ ይሻላል እንጂ ለዓመታት ብቻውን የተሟላ ቀለብ አይደለም። የአይጥ መርዝ ባለበት ቤት ደግሞ ድመት በአይጥ ላይ አይታመንባት፤ መርዝ የበላች አይጥ ድመቷንም ልትገድል ትችላለች።

ፎይሉ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ሄደዋል። ብዙ ድመት የፎይል ድምፅና ልስላሴ አይመቻትም። ሙሉ ካውንተሩን ሸፍኖ መተው ግን ሁለት ነገር ያስከትላል፦ በሳምንት ውስጥ ትለምደዋለች፣ አንዳንዷም እየቀደደች ትውጠዋለች። የተሻለው ካርቶን ነው። ድመት ስትዘል የምታርፈው ከጠርዙ 20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ወርዱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን በካውንተሩ ርዝመት ተቆርጦ፣ ላዩ ላይ በሁለት ወገን የሚለጠፍ ፕላስተር በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ይለጠፍበታል። መዳፍ የሚይዝ ነገር ድመት አትወድም፣ አይጎዳትም፤ ሰው ኖረ አልኖረም ይሠራል። ምግብ ሲሠራ ካርቶኑ ይነሳል፣ ሲያበቃ ይመለሳል። እሳት አጠገብ በፍጹም አይቀመጥ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በአንዴ ከማንሳት ይልቅ በየሳምንቱ አንድ ክፍል እየተቆረጠ ይቀንስ። በውጭ አገር የሚሸጠው እንቅስቃሴ ሲሰማው አየር የሚተፋ ጣሳም በዚሁ መርሕ ይሠራል፤ ለድንጉጥ ድመት ግን አንመክረውም፣ ወጥ ቤቱን ሁሉ ልትፈራው ትችላለችና።

መከልከል ብቻውን ግን አይበቃም፤ ጸሐፊው ጨርሶ የረሱት ይህንን ነው። ከካውንተር የወረደች ድመት የት ትሂድ? መልስ ካልተሰጣት ራሷ ትመልሰዋለች፤ ፍሪጁ፣ ቡፌው፣ ቴሌቪዥኑ። ከወጥ ቤቱ ሳትርቅ፣ ሰው የሚሠራውን የምታይበት፣ ከካውንተሩ እኩል ወይም ከፍ ያለ ቦታ ያስፈልጋታል። ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ከ50 ከፍታ ላይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ 30 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ይበቃል። ላዩ ላይ የማይንሸራተት ምንጣፍ ይለጠፍበት፤ ድመት አንድ ጊዜ ያንሸራተታትን መደርደሪያ ዳግመኛ አትወጣበትም። የኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ባዶ ብሎኬት ስለሆነ ተራ ፊሸር ይነቀላል፤ ዘላ ስታርፍ የምታሳድረው ኃይል ከክብደቷ ብዙ እጥፍ ነው። በግድግዳው ካልተማመኑ የከባድ መደርደሪያ ዕቃን ላይኛውን ደርብ ባዶ አድርጎ መስጠት ይሻላል። ሁለት ድመት ካለ ሁለት ቦታ፤ አንዷ ሌላዋን ስለምታባርር ብቻ ካውንተር ላይ የምትኖር ድመት ብዙ ናት።

ቦታውን ስለሠሩላት ብቻ አትሄድበትም፤ ማስተማር ያስፈልጋል። ከምግቧ በፊት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የግማሽ ሽምብራ ያህል የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ከ5 እስከ 8 ቁራጭ ይዘጋጅ። መጀመሪያ ቁራጩ ቦታው ላይ ይቀመጥላትና ስትወጣ ትብላው። ከጥቂት ቀን በኋላ በእጅ እየተጠቆመ «ቦታሽ» ይባላል፤ ስትወጣ ትከፈላለች። ከዚያ ክፍያው ይዘግያል፦ 5 ሴኮንድ፣ 10፣ 30፣ አንድ ደቂቃ። ከተነሳች ጊዜው በዝቶባታል ማለት ነውና ወደ ቀደመው ይመለሱ። በመጨረሻ ሽንኩርት እየተከተፈ ትለማመድ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። ድመቷ ካውንተር ላይ ስትወጣ «ውረጂ» ይላታል፣ ስትወርድ ወዲያው ይሸልማታል። ድመቷም መውጣት፣ መውረድ፣ መብላት የሚል አንድ ረድፍ ትማራለች፤ ሥጋ ሲያምራት ካውንተሩ ላይ ወጥታ ሰው መጠበቅ ትጀምራለች። ስለዚህ አብዛኛው ሽልማት ገና ሳትወጣ፣ ቦታዋ ላይ እያለች ይሰጣት። ከወጣች ያለ ጩኸትና ያለ ዓይን ለዓይን ትነሳና መሬት ላይ ትቀመጥ፤ ወደ ቦታዋ ከሄደች ቢያንስ 10 ሴኮንድ ተጠብቆ ይከፈላት።

ወደ ሶፋው። ፕላስቲክ ልብሱ ሶፋውን ያድን ይሆናል፤ ቤቱን ግን የሱቅ መጋዘን ያስመስለዋል፣ ድመቷም ወደ መጋረጃው ትዛወራለች። መቧጨር ዓመል ሳይሆን ሥራ ነው፦ ያረጀ የጥፍር ሽፋን ይወልቃል፣ ጡንቻ ይዘረጋል፣ በመዳፏ ሥር ካሉት ዕጢዎች ሽታዋን ትተዋለች። ጥፍር መንቀል የሚሉት ደግሞ ጥፍር ማውጣት አይደለም፤ የእያንዳንዱ ጣት የመጨረሻ አጥንት በመገጣጠሚያው ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በእስራኤል፣ በ2019 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በ2022 በሜሪላንድ፣ በ2024 በቨርጂኒያ ለሕክምና ካልሆነ በቀር ተከልክሏል፤ እዚያ የሚኖሩ አንባቢዎች ይህን ምክር ሊከተሉ ቢፈልጉ እንኳ ሐኪም አያገኙም። የጥፍሯን ጫፍ፣ ሮዝ መስሎ የሚታየው የደም ሥር ሳይነካ፣ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ መቁረጥ በቂ ነው።

መቧጨሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል። 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ፣ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቃጫ ገመድ። ቱቦው ጣውላው ላይ በብሎን ይታሰርና ከታች 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ አሸዋ ይሞላል፤ 4 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ገመዱ ክፍተት ሳይተው 80 ሴንቲ ሜትሩን ሲሸፍን 100 ዙር ስለሚሆን 37 ሜትር ገደማ ይፈጃል፤ 40 ሜትር ይግዙ። ጫፎቹ በብሎን ይያዙ። ከ80 ሴንቲ ሜትር ያጠረ መቧጨሪያ ሙሉ በሙሉ ተንጠራርታ ስለማትደርስበት፣ የሚወዛወዝም ስለሚያስደነግጣት ተመልሳ ሶፋው ጋ ትሄዳለች። መጀመሪያ የተቧጨረው የሶፋ ጥግ አጠገብ ተጠግቶ ይቁም፤ ጥጉ ላይ ለጊዜው ፕላስተሩ ይለጠፍ። መቧጨሪያውን ከለመደች በኋላ ብቻ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየተገፋ ወደሚፈለገው ቦታ ይወሰዳል።

የነፍሰ ጡሯን ጉዳይ በአጭሩ። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው፣ ፅንስን ሊጎዳ የሚችል ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር እንደሚተላለፍ እውነት ነው። ድመት ግን እንቁላሉን የምታወጣው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ስትያዝ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከወጣም በኋላ ለመያዝ የሚያበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ሲቆይ ነው። የምትጸዳዳበትን አሸዋ በየቀኑ ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሰው ከጠረገው፣ ድመቷም ጥሬ ሥጋ ካልተሰጣትና አይጥ ካላደነች አደጋው እጅግ ይቀንሳል። ጸሐፊው ካውንተሩን በአልኮል ጠርጉት ያሉት አይበቃም፤ አልኮልም በረኪናም እንቁላሉን አይገድሉም፣ በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥቦ ማስወገድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ከድመቷ ይልቅ መጠንቀቅ ያለባት ከጥሬ ሥጋና ከጥሬ ክትፎ፣ ካልታጠበ ሰላጣ፣ ሥጋ ከተከተፈበት በኋላ ሳይታጠብ ቲማቲም ከሚከተፍበት መክተፊያ ነው።

የቀረው «በሦስት ቀን» የሚለው ተስፋ ነው። ወጣትና ጤነኛ ድመት በዚህ መንገድ ለውጥ የምታሳየው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ነው። በመካከሉ፣ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት፣ ነገሩ ይብሳል፦ ካውንተሩ ምንም እንዳይሰጣት ሲሆን ይበልጥ ትወጣለች፣ ይበልጥ ትጮኻለች። የለመደችው ሲቋረጥባት አጥብቃ እየሞከረች ነው እንጂ ዘዴው አልከሸፈም። ብዙ ቤት ተስፋ ቆርጦ አንድ ቁራጭ የሚወረውርላት በዚህ ሳምንት ነው፤ ያ ቁራጭ ደግሞ አጥብቆ መሞከር እንደሚያዋጣ ያስተምራታል፣ ቀጣዩም ሙከራ ይረዝማል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ሠራተኛዋም ልጆቹም፣ ካውንተር ላይ ላለች ድመት ምንም እንደማይሰጥ ይስማማ፤ ማታ ድስቱ ፍሪጅ ይግባ፣ መክተፊያው ይታጠብ። ስምንት ዓመት ያለፋት፣ እስከዛሬ ካውንተር የማታውቅ ድመት ድንገት ምግብ መስረቅ ከጀመረች፣ በተለይም እየበላች የምትከሳ ከሆነ፣ ሥልጠናውን ትተው ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፤ የታይሮይድ ዕጢ ወይም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል።